እናቴ ትሙት ያልን ቀን

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ ግን ከሆነው ላይ አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

ደግሞ ነገሩ የሆነው በጨለማ አይደለም። በጠራራ ፀሐይ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ... ምሳ ተበልቶ ሰው ሁሉ በሚያዛጋበት ሰዓት... ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አንዲት ጠባብ ኩሽና ውስጥ።

ይህን ስጽፍ እናቴ በሚቀጥለው ክፍል አለች። በሩ ገርበብ ብሏል። አሁንም አሁንም ትጠራኛለች።

ለምን እንደምትጠራኝ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ሥራዬ የፊልም ድምፅ መቅረጽ ነው። ጓደኞቼ «ጆሮ» ይሉኛል። ግድግዳ ጀርባ የሚንጠባጠብ ቧንቧ ሰምቼ ቀረጻ ስለማስቆም ያወጡልኝ ስም ነው።

ፊልሙ የፍቅር ፊልም ነበር። ከኋላው ድርጅት የለ፣ ስቱዲዮ የለ። ስድስት ሰዎች ሆነን በአንድ የኪራይ ቤት ውስጥ የሠራነው ነው። ባልና ሚስት ሊለያዩ ወስነው በአንድ ቀን የቤት ዕቃ ይካፈላሉ... ማንኪያው ያንቺ፣ ድስቱ የኔ... ታሪኩ በቃ ይኸው ነው።

ተዋንያኑን ከቀረጻ ውጭም «ባልየው» እና «ሚስትየዋ» እያልን ነበር የምንጠራቸው። ባልየው ወንደላጤ ነው። «ሳላገባ ፈታሁ፣ ይህም ዕድል ነው» እያለ ያስቀን ነበር።

ሚስትየዋ ግን ብዙም አትስቅም ነበር። እናቷ ሆስፒታል ተኝታለች።

እኔ ሥራ ላይ አንድ ሕግ አለኝ። ጠዋት ሁሉም ሰው ስልኩን አጥፍቶ ያስረክበኛል። በአንድ አሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አድርጌ እግሬ ሥር አስቀምጣለሁ። ዳይሬክተሩም ቢሆን አይቀርለትም።

የመጀመሪያው ቀን ሚስትየዋ ስልኳን ይዛ ወደ እኔ ጠጋ አለች።

«ጆሮ... የኔን አታጥፋብኝ።»

«ሕግ ነው እኮ እህቴ።»

«ንዝረት ላይ አድርገው። እናቴ ከደወለች ጥራኝ። መክፈቻ ቁጥሩን እነግርሃለሁ።»

«ቀረጻ መሀል ብትደውልስ?»

«ቀረጻ መሀልም ቢሆን። ማልልኝ።»

«እናቴ ትሙት!» አልኳት።

እንዲያው አፌ ላይ የመጣ ነው። በቀን ስንቴ እንላለን? አውቶቡስ አመለጠኝ፣ እናቴ ትሙት። ጠግቤያለሁ፣ እናቴ ትሙት። ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል?

እሷ ግን ዓይኔን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ስልኩን ሰጠችኝ።

በአሥራ አንደኛው ቀን የመጨረሻውን ትዕይንት ያዝን። ሚስትየዋ ኩሽና ውስጥ ማንኪያ ትለያለች። ባልየው ሻንጣውን ይዞ በሩ ላይ ይቆምና «እንግዲህ ሄድኩ» ይላታል። እሷ ታለቅሳለች። ይኸው ነው።

እንባው አልመጣ አለ።

አምስት ጊዜ ቀረጽን። ስድስት። ሰባት። ዳይሬክተሩ ጥፍሩን እየበላ ነበር።

«ፊትሽን ብቻ ነው የምትሰጪኝ» አላት። «ልብሽን የት ጥለሽው ነው የመጣሽው?»

ያን ጊዜ ነው ቆርቆሮው የጮኸው።

ድምፁ ትንሽ ነበር... ዝዝዝ... ዝዝዝ... በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ ግን ጥርሴ ድረስ ተሰማኝ። ክዳኑን ገለጥ አደረግኩት። «እማዬ» ይላል።

እጄን አነሳሁ። ዳይሬክተሩ እንደ ድመት በእግር ጣቱ እየሄደ መጣ።

«ምን ሆንክ?»

«እናቷ ናት የምትደውለው።»

«አንዴ እንቅረጽና።»

«ምዬላታለሁ እኮ!»

«እኔም እምልልሃለሁ። እናቴ ትሙት፣ አንዴ ብቻ! ከዚያ ትደውላለች።»

አንዴ ያለው ሦስት ሆነ። ስልኩ ጠራ፤ ቆመ። ጠራ፤ ቆመ። እኔ ልማዴ ነውና ቆጠርኩ።

ሰባት ጊዜ።

ከዚያ ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ ከወንድሟ መልእክት ገባ። «እማዬ አርፋለች። ስልክሽን አንሺ።»

ለዳይሬክተሩ አሳየሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው። ፊቱ ይጠቁራል ብዬ ነበር የጠበቅኩት።

ፊቱ በራ።

እናቴን! በዓይኔ አየሁት፣ ፊቱ በራ። ስልኩን መለሰልኝና ካሜራማኑን በሹክሹክታ «ምንም ቢፈጠር እንዳታቆም» አለው። ባልየውን በእጁ ገለል አድርጎ እሱ ራሱ በሩ ላይ ቆመ።

«አክሽን!»

ሚስትየዋ ማንኪያ አነሳች።

«እናትሽ አርፋለች» አላት።

አልጮኸችም። ማንኪያውን ቀስ ብላ ከባልየው ድርሻ ላይ አስቀመጠችው። አፏ ተከፈተ፤ ተዘጋ። ከዚያ በማላውቀው ድምፅ...

«ስንት ሰዓት ላይ?» አለች።

ዳይሬክተሩ በሹክሹክታ መለሰላት። «አትንቀሳቀሺ... እየቀረጽን ነው።»

ታዲያ የሚያስፈራው ምኑ ነው ብትሉኝ፣ አለመንቀሳቀሷ ነው። የሥራ ነገር... ሰውነቷ ለምዶታል። ካሜራው ፊት እንደ ሐውልት ደርቃ ቆመች። እንባው ብቻ ይወርዳል። አንድ ደቂቃ ሙሉ።

እኔስ ምን አደረግኩ?

ማይኩን አቀረብኩላት።

ከዚያ ዳይሬክተሩ ወደ ደረጃው ወስዶኝ «ሰባቱን ጥሪ አጥፋቸው» አለኝ። «መልእክቱ ይበቃታል። ይህን ካየች ታብዳለች። ለሷው ብለህ ነው።» መክፈቻ ቁጥሩን አውቀው የለ? በአውራ ጣቴ አንድ በአንድ ሰረዝኳቸው። ስልኩን ስሰጣት እጇ ልክ እንደ ኩሽናው ወለል ቀዝቃዛ ነበር። ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ወጣች።

እናቷ በሞተች በዘጠነኛው ቀን ተመልሳ መጣች።

ማንም አልጠበቃትም። የቀረችኝን ሥራ ልጨርስ ነው የመጣሁት አለች። ድምፅዋ እንደ ውሃ የረጋ ነው። ትንሿን ማይክ ደረቷ ላይ ስሰካላት ዓይኔን ወደ ምድር ጣልኩ።

እዚህ ላይ ስለ ሥራዬ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በየክፍሉ ቀረጻ ሲያልቅ የክፍሉን ዝምታ እንቀርጻለን። ሰው ሁሉ ባለበት ይቆማል፤ አንድ ደቂቃ ማንም አይተነፍስም። በኋላ ንግግር ሲቆራረጥ ክፍተቱን የምንሞላው በዚያ ዝምታ ነው። ዝምታ ሁሉ አንድ ይመስላችኋል እንጂ፣ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ አለው።

የኩሽናውን ዝምታ ያን ቀን አልቀረጽንም ነበር። አሁን ልንቀርጽ ቆምን። እሷ ማንኪያዎቹ አጠገብ ቆመች። መቅረጫውን አስነሳሁ።

«ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች። «ያን ቀን እናቴ ደውላ ነበር?»

ዳይሬክተሩ ዓይኑን አላሸም። «እናቴ ትሙት፣ አልደወለችም!»

ወደ እኔ ዞረች። «አንተስ፣ ጆሮ?»

ልናገር ነበር። አንደበቴ ላይ ደርሶ ነበር። ዳይሬክተሩ አየኝ...

«እናቴ ትሙት» አልኩ።

«እሺ» አለች። ፈገግ ያለች መሰለኝ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ይህን ግን ባለቤቱ ይስማው። እየቀዳህ ነው አይደል?»

መቅረጫውን አየሁ። ቀይዋ መብራት በርታለች።

«ጥሩ። አሁን ዝም እንበል።»

ዝም አልን። ሃያ ሰከንድ... ሠላሳ...

ዝዝዝ... ዝዝዝ...

ከቆርቆሮው ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ የሁሉንም ስልክ በእጄ ነበር የማጠፋው። ክዳኑን ገለጥኩት። ስድስቱም ስልኮች ጥቁር ናቸው። አንዱም አይበራም።

በማዳመጫው ውስጥ ግን መጥራቱን ቀጠለ። ሰባት ጊዜ። ከሰባተኛው በኋላ የአሮጊት ትንፋሽ ሰማሁ... ደረጃ ወጥቶ የደከመው ሰው እንደሚተነፍሰው።

ዙሪያዬን አየሁ። ከእኔ በቀር የሰማ የለም።

ከሷም በቀር። ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም።

ፊልሙ ሲቀናበር ያን ድምፅ ላወጣው ያልሞከርኩት የለም። ሰረዝኩት፤ ተመለሰ። የሌላ ክፍል ዝምታ ተካሁበት፤ እዚያም ገባ። ከስልኩ የሰረዝኩት ሁሉ ዝምታው ውስጥ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ዳይሬክተሩን ባሰማው «የፍሪጅ ድምፅ ነው፣ ጆሮህን ታከም» ብሎ ሳቀብኝ።

የምርቃቱ ቀን አዳራሹ የተገኘልን ለቀን ብቻ ስለነበር ፊልሙ በሰባት ሰዓት ተጀመረ። ሰው ጢም ብሏል። ዳይሬክተሩ እናቱን ይዞ መጣ። አዲስ ጫማ የተጫሙ፣ ምርኩዝ የያዙ ጨዋታ አዋቂ ባልቴት ናቸው። እኔ ከልጃቸው በዚያኛው ጎን ተቀመጥኩ። አንገታቸውን አስግገው አዩኝ።

«ጆሮ የሚሉህ አንተ ነህ? ይህን የሚያህል ቁመት ይዘህ ጆሮ ብቻ ይበሉህ?»

ሳቅን።

«ስልክዎን ያጥፉ እንግዲህ፣ እማማ» አልኳቸው።

«ቤት ረስቼው መጣሁ። ደግሞ ማን ይደውልልኛል? የሚደውልልኝ ይኸው እዚህ ተጎልቷል!» ብለው የልጃቸውን ጉልበት መታ መታ አደረጉ።

ሚስትየዋ ከኋላችን ተቀምጣለች።

ስምንት ሰዓት ሲሆን የኩሽናው ትዕይንት ደረሰ። «ስንት ሰዓት ላይ?» ስትል አዳራሹ ውስጥ ሰው መተንፈስ አቆመ። ያ ረጅም ዝምታ ጀመረ። የእኔ ዝምታ።

ዝዝዝ...

ዳይሬክተሩ ኪሱን ዳበሰ። ስልኩን አውጥቶ አየው። ከዚያ ወደ እኔ አዘነበለው።

«እናቴ» ይላል።

«ቤት ማን አለ?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ማንም የለም። ቆልፌ ነው የመጣሁት።»

ዘጋው። እንደገና ጠራ። ዘጋው። አጠፋው። ጠራ። እናቱ ከጎኑ ፊልሙን እያዩ ነው፤ የመጋረጃው ብርሃን ፊታቸው ላይ ይጫወታል። አልሰሙም። እኔ እቆጥራለሁ... አምስት... ስድስት...

ሰባት።

መብራት በራ። ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። «እንዴት ያለ ትወና ነው!» ይላል ሰው። «ከየት አመጣችው!» ሁሉም ተነሳ። ዳይሬክተሩም ሊነሳ ሲል የእናቱ ራስ ትከሻው ላይ ተደገፈ።

«እማ... አለቀ እኮ። እማ?»

ዓይናቸው ክፍት ነው። መጋረጃውን ያያል።

ያኔ ሚስትየዋ ከኋላ ጎንበስ ብላ አፏን ጆሮው ላይ አደረገች። ለእኔም ተሰማኝ።

«አትንቀሳቀስ... እየቀረጽን ነው።»

እሱም አልተንቀሳቀሰም። ሰው ሁሉ እያጨበጨበለት፣ ደርቆ ቀረ። እንባው ብቻ ይወርዳል።

ሐኪሞቹ የልብ ነገር ነው አሉ። ዕድሜም አለ አሉ። እኔ ዝም አልኩ። ዝም ማለት እንደሁ እችልበታለሁ።

ሁለት ወር ሙሉ ምንም አልሆነም። ረስቼው ነበር ለማለት እደፍራለሁ።

ባለፈው ሳምንት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። «እማ» ይላል። እናቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ድንች ትልጣለች። ስልኳ መደርደሪያው ላይ ነው።

አላነሳሁትም።

በማግስቱም በዚያው ሰዓት ጠራ። በሦስተኛው ቀን ሲሙን አውጥቼ ጣልኩት። በአራተኛው ቀን ስልኩን አጥፍቼ ብስኩት ቆርቆሮው ውስጥ ከተትኩት። ቆርቆሮው ጮኸ። በቀን አንዴ ነው የሚጠራው፤ እኔም እቆጥራለሁ። አምስት። ስድስት።

ትናንት ሚስትየዋ ቤት ሄድኩ። በሩን ግማሽ ከፍታ ቆመች። «ግባ» አላለችኝም።

«ይደወልልኛል» አልኳት።

«ለምን አታነሳውም?»

«ፈራሁ።»

«እኔ አልፈራም ነበር» አለች።

እግሯ ላይ ወደቅኩ። «ሰባት ጊዜ ደውላለች። የሰረዝኩት እኔ ነኝ። እናቴ ምንም አላደረገችም፣ እባክሽ ማሪልኝ!»

«ይህን በዘጠነኛው ቀን ብትነግረኝ አብረን እናለቅስ ነበር።» በሩን ይበልጥ ገርበብ አደረገችው። «አሁን እኔ ምን ቤት ነኝ? የማልከው አንተ። በማን እናት ማልክ? በኔ ነው?»

በሩን ዘጋችው። ከበሩ ጀርባ ድምፅዋ መጣ።

«ስንት ደረሰልህ?»

«ስድስት።»

«እንግዲያው ነገ አንሳ። ከቻልክ።»

ዛሬ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ላነሳው ቆርጫለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ውሰጂኝ ልላት ነው።

ስምንት ሰዓት።

ዝዝዝ...

እጄን ዘረጋሁ። እጄ... አልሄደልኝም። ማይኩን ያቀረበው እጅ፣ ሰባቱን የሰረዘው እጅ፣ ጠረጴዛው ላይ ደርቆ ቀረ።

«ኧረ ሳምንቱን ሙሉ ሲንጫጫ ሊያደነቁረን ነው!» እናቴ ከኋላዬ መጣች። «የማንን ልጅ አስለቅሰህ ነው?»

«እማ፣ ተይው! እማ...»

አነሳችው።

«ሃሎ? ... አቤት። ... አዎ፣ እናቱ ነኝ።»

ለረጅም ጊዜ አዳመጠች። ቀስ በቀስ ፈገግ አለች፣ የድሮ ጎረቤት እንዳገኘ ሰው። ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ...

«ስንት ሰዓት ላይ?» አለች።

ስልኩን አስቀመጠችው።

«ማን ናት?» ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

«የሥራ ጓደኛህ እናት ናት። እንዴት ያለች ጨዋ ሴት መሰለችህ! ደጋግሜ ብደውል የሚያነሳልኝ አጣሁ አለችኝ። ሆዴን በላችው።»

«ምን አለችሽ?»

«መጥቼ እወስድሻለሁ ነው የምትለው።»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

እናቴ ልጅ ሆኜ ስዋሽ እንደምታየኝ አየችኝ።

«ለሱ እንዳትነግሪው ብላኛለች» አለች።

አሁን ፀሐይ እየጠለቀች ነው። ቤት ውስጥ ያለውን ሰዓት ሁሉ ባትሪውን አውጥቼ ደብቄያለሁ። የውጭውን በር ቆልፌ ቁልፉን በጥርሴ ይዣለሁ ማለት ይቻላል።

እናቴ ካፖርቷን ለብሳ፣ ጫማዋን አጥልቃ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። አሁንም አሁንም ትጠራኛለች።

«ልጄ... ስንት ሰዓት ሆነ?»

«ስምንት ከአምስት ነው፣ እማ። ገና ነው።»

ዋሸኋት። ደግሜ ዋሸሁ። በማን እንደምምል ግን ጠፍቶኛል።

ቅድም በበሩ ክፍተት አየኋት። አልጋው ጫፍ ላይ ጠጋ ብላለች... እንግዳ ሲመጣ ቦታ እንደሚለቅ ሰው።

ከጎኗ ያለው ፍራሽ ጎድጎድ ብሏል።